በር ዘጊው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊውን ያን ዕለት ያገኘኋቸው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። እኔ ለጉልበቴ ቅባት ልገዛ ስገባ፣ እሳቸው ባንኮኒው ፊት ቆመው የሆድ መድኃኒት ያማርጣሉ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝና ሳይጠይቁ ማለፍ አይሆንልኝም።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?»

«እኔማ ደህና ነኝ፣ መምህር። የእህቴ ልጅ ነው እንጂ። ከእኛ ጋር ገበታ መቅረብ ከተወ ሰነበተ። ሳህኑን ይዞ ወደ ክፍሉ ነው። ምነው ስለው ሆዴን ይለኛል። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሞክሬለት አልሆነም፤ እስቲ ይኼንን ደግሞ።»

የእህታቸውን ልጅ አውቀዋለሁ። ከአገር ቤት እኛ ወዳለንበት የሰው አገር የመጣ፣ መካኒክ የነበረ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ወጣት ነው። አጎቱ ከሱቃቸው ጓዳ አስገብተው ካውያ አስይዘውታል፤ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ አይቼው አላውቅም።

አብረን ወጣን። ልብስ ሰፊው ገና ጥጉን ሳንዞር ወደሚወዱት ወሬ ገቡ። የዚያን ዕለት አመሻሽ የሰፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባ ነበረን። የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ ለአዲስ መጤዎች የሚሰጠው የማታ የቋንቋ ትምህርት ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለው ሊወሰን ነው።

«ይዘጋ ብዬ ልናገር ነው» አሉኝ። «እንዲያውም እኔን ቢሰሙኝ የአገሩም በር ይዘጋ! መንግሥት እንደ ወንፊት ሆኗል፤ ሁሉንም ያሳልፋል። ከሚገባው መሀል አክራሪው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሃይማኖት ብለው መጥተው ሰው የሚፈጁ አሉ። ዜና አይሰሙም?»

«እርስዎስ በየት በኩል ነው የገቡት፣ ጋሼ? በጣራ?»

«የእኛ ጊዜ ሌላ ነበር።»

ይህችን «የእኛ ጊዜ» የምትባል ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሰው ገብቶ ከተደላደለ በኋላ መጀመሪያ የሚያምረው በር መዝጋት ነው። ይህንንም ነገርኳቸው፤ እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሱቁ ስንደርስ ሴት ልጃቸው የጃኬት ገበር እየፈታች አገኘናት። ቀን ቀን አባቷን ታግዛለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ይዘጋ የተባለውን ትምህርት የምታስተምረው እሷው ናት። አባቷን ስታይ መቀሷን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እውነት ሰው ፊት ቆመህ የእኔ ክፍል ይዘጋ ልትል ነው?»

«ያንቺ ክፍል ይዘጋ አላልኩም። የእነሱ ነው ያልኩት። የማታውቂውን ሰው ሁሉ ትሰበስቢያለሽ። እዚያ መሀል ምን እንደሚወራ በምን ታውቂያለሽ?»

«የሚወራውማ እኔ የማስተምረው ነው! አውቶቡሱ መቼ ይመጣል፣ ጥርሴን አሞኛል፣ ይኼ ነው የሚወራው። የአክስቴን ልጅስ ለምን አትልከውም? ለምኜህ ደክሞኛል።»

«እሱን? የሰው ባህል ለብሶ ሃይማኖቱን ጥሎ እንዲመጣ? እናቱ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። ቋንቋው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ደግሞስ ብቻውን መቼ ሆነ፤ ለስላሳው ሰው ይመጣለት የለም?»

ለስላሳው ሰው የምንለው አንድ የአገራችንን ልጅ ነው። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ይቆልፋል፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ሰባኪ ነኝ ይላል። ማን ሰባኪ እንዳደረገው የሚያውቅ የለም። ከሰዓት በኋላ እየመጣ ጓዳ ይገባል፤ ልብስ ሰፊውም «የእኛው ሰው ነው» እያሉ ሻይ ይልኩለታል። ምን እንደሚሰብክ ጠይቀውት አያውቁም።

«አንቺስ ስለዚህ ሰውዬ ምን ትያለሽ?» አልኳት ልጅቷን።

«እኔ ሰውን በሃይማኖቱ አልጠረጥርም፣ መምህር። አክራሪ አክራሪ የሚባለው ስደተኛን ለማስጠላት የሚነዛ ወሬ ነው። እኔ በሩ ለሁሉም ይከፈት ባይ ነኝ።»

አባትየው የማያውቁትን ሁሉ ይጠረጥራሉ፤ ልጅቷ ማንንም አትጠረጥርም። ሁለቱም በአንድ ነገር ይስማማሉ፦ ጓዳውን አለማየት። እኔ ሁለት እጄን ራሴ ላይ ጫንኩ።

«ልጄ፣ አክራሪስ አለ!» አልኳት። «የለም ብትዪው አይጠፋም። ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ ሁሉ አክራሪ አይደለም፤ እኔም ጸሎቴን አላስታጉልም። አክራሪ ማለት ከእኔና ከመሰሎቼ በቀር ሰው የለም የሚል ነው። እርስዎም ጋሼ፣ ቋንቋዎን የሚናገረውን ሁሉ ወዳጅ፣ የማይናገረውን ሁሉ ጠላት ማድረግዎን ቢተዉ…»

ንግግሬን ሳልጨርስ ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን ገባች። የዚሁ አገር ሰው ናት፤ እምነቷም ሌላ ነው፤ ለልብስ ሰፊው ግን የዱሮ ደንበኛ ናት። ቀሚሷን ልትወስድ ነው የመጣችው። ልብስ ሰፊው ወደ ጓዳው ተጣሩ። ወጣቱ ቀሚሱን በመስቀያው ይዞ ወጣ፤ ሴትየዋ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን ፊቱን አዙሮ ቀሚሱን ወንበር ላይ ጣለው። ዳቦ ጋጋሪዋ ቀሚሷን አንስታ፣ አመስግና፣ ትንሽ ግራ ገብቷት ወጣች።

«ዓይነ አፋር ነው» አሉ ልብስ ሰፊው።

ልጅቷ ግን አላለፈችውም። «ለምን በእጇ አትሰጣትም?»

«ከእኛ አይደለችም» አለ ወጣቱ።

«ተይው፣ ልጁን ሆዱን አሞታል» ብለው አባትየው መድኃኒቱን ከኪሳቸው አወጡ። «እንካ ልጄ። ይኼኛው ጥሩ ነው ብለውኛል።»

ወጣቱ መድኃኒቱን አየ፣ አጎቱን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«አጎቴ፣ ሆዴን አላመመኝም። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው የዋሸሁት። ከእናንተ ጋር እንዳልበላ ተከልክያለሁ።»

«ማነው የከለከለህ?»

«ለእነሱ የሚሰፋ፣ ከእነሱ ጋር የሚስቅ፣ ከእነሱ የተቆጠረ ነው ብሎኛል። እርስዎም… እርስዎም ከእነሱ ነዎት አለኝ።»

ማን እንደሆነ መንገር አላስፈለገም። በጓዳው በር በኩል የመተኮሻው ጠረጴዛ ይታያል፤ ሰባኪው የጠጣበት ብርጭቆ ከነአተላው እዚያው ተቀምጧል። ልብስ ሰፊው ብርጭቆውን ትክ ብለው አዩት።

«ሻዬን እየጠጣ?» አሉ። «ሻዬን እየጠጣ!»

ወንበራቸው ላይ ዝርፍጥ አሉ። አሳዘኑኝ፤ ንዴቴ ግን ከሐዘኔ በለጠ።

«ጋሼ፣ ይኸው! አክራሪ በድንበር ይገባል ብለው ስንት ጊዜ አደነቆሩን፤ ይኼኛው የገባው በሱቅዎ በር ነው፤ የከፈቱለትም እርስዎ ነዎት።»

«ሃይማኖቱን ይጠብቅልኛል ብዬ ነበር እኮ፣ መምህር። በሰው አገር እንዳይጠፋብኝ ብዬ።»

«የትኛው ሃይማኖት ነው ከእናት ወንድም ጋር አትብላ የሚለው? ቋንቋ የለው፣ ጓደኛ የለው፣ ሙያው እጁ ላይ ዝጎ ቀረ። ለዚህ ልጅ ከተማው ሁሉ ያ ሰውዬ ብቻ ነው። ታዲያ ያለውን ባያምን ማንን ይመን?»

ወጣቱ አቀርቅሮ ነበር። ድንገት ቀና አለ።

«እንዴት ዋልክ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው» አለ። «እናንተ ካውያው ጋለ ወይ ነው የምትሉኝ።»

ልጅቷ የያዘችው ገበር ከእጇ ወደቀ።

«እኔስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ማታ የሰው አገር ሰው ሁሉ ስሰበስብ፣ የአክስቴ ልጅ ጓዳ ተቀምጦ ምን እንደሚሰማ ጠይቄ አላውቅም። ብጠይቅ አባዬን መሆኔ መሰለኝ።»

ልብስ ሰፊው ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እንደገና ተነሱ። «ታዲያ ልክ ነበርኩ ማለት ነው! እንዲህ ያለው እንዳይገባ አይደል በሩ ይዘጋ የምለው?»

የዚያን ጊዜ ጮህኩ፤ አልዋሽም።

«በሩ ሲዘጋ እሱ ውስጥ ነው ያለው፣ ጋሼ! ይህ ልጅም አብሮት ይዘጋበታል። ሁሉም ዝም ብሎ ይግባ ያለዎት ማነው? መንግሥት የሚገባውን ይመርምር፤ ወንጀለኛውን ይመልስ፤ ጥላቻ የሚዘራውን በሕግ ይያዝ። የእኛ ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። የገባው ሰው ቋንቋውን ይማር፣ ሕጉን ይወቅ፣ በሙያው ይሥራ፣ እምነቱን ማንም አይንካበት። እርስዎ የሰውን ልክ ሳይወስዱ ጨርቅ አይቆርጡም፤ ለሰው ሲሆን ግን ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የሚቆርጡት።»

ልብስ ሰፊው ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው ጠቀለሉ፣ ፈቱ፣ ጠቀለሉ። መድኃኒቱን እኔ ወሰድኩት፤ አሁን ሆዱን የሚያቃጥለው እኔን ነበርና።

አመሻሽ ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ተራቸው ሲደርስ ልብስ ሰፊው ተነሱ። ልጃቸው ከፊት ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«እኔ ይዘጋ ልል ነበር የተዘጋጀሁት» አሉ። «አህያውን ፈርቼ ዳውላውን ልመታ ኖሯል። የምፈራውን ሰው በገዛ እጄ ሻይ ሳጠጣው ከርሜያለሁ። የእህቴን ልጅ ግን ከሰው ደብቄ ለእሱ ሰጠሁት። ክፍሉ አይዘጋ። አንድ ወንበርም ይጨመርበት።» ቀጥለው ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «ይቅርታ፣ እናቴ» አሏትና ተቀመጡ። እጅ ሲቆጠር የማታው ትምህርት እንዲቀጥል ተወሰነ።

ለስላሳው ሰው በማግስቱ ሲመጣ ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁት። «ለልብስ ከሆነ ግባና ልለካህ። ለስብከት ከሆነ ግን እዚህ፣ እኔ ፊት፣ ጮክ ብለህ ስበክ» አሉት። ጮክ ብሎ የሚሰበክ ነገር አልነበረውም። ልብስ ሰፊውም ሰውዬው የሚያስተምረውን ለሚመለከታቸው የሕግ ሰዎች ነገሩ፤ እሱም ከዚያ ወዲያ በሰፈራችን አልታየም።

ወጣቱ በአንድ ጀምበር አልተለወጠም፤ የሚለወጥ የመሰለው ካለ ሰው አያውቅም። ማታ ማታ መማር ጀመረ፣ ቀን ደግሞ ከጋራዥ ሥራ ገባ። ጸሎቱን አልተወም። የመኪና ዕቃ ስም ከሥራ ጓደኞቹ ለቀመ፤ እነሱም እንዴት ዋልክ ይሉት ጀመር። አጎቱ ደግሞ ወሬያቸውን ከካውያው ወደ እሱ መለሱ፣ የጓዳውም በር ክፍት ሆኖ ይውላል። ሳህኑን ግን አሁንም ወደ ክፍሉ ይወስድ ነበር፤ ልብስ ሰፊውም አያስገድዱትም ነበር።

አንድ ቀን ምሳ ጋበዙኝ። ገና መብላት ስንጀምር ወጣቱ ሳህኑን ይዞ ከክፍሉ ወጣና ጥግ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠ። ጥቂት በልቶ፣ በዚህ አገር ቋንቋ፣ እየተንተባተበ፣ «አጎቴ፣ ጨው ስጡኝ» አለ።

ጨዉ በልብስ ሰፊው እጅ አጠገብ ነበር። እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ገበታውን ዞረው ሄደው፣ በእጁ ሰጡት።