በከሳሹ ስም ፈልጊው

— ሄሎ? … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ጮክ በል እንጂ! ፍርድ ቤት ነኝ፣ መዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ተሰልፌ ነው፣ ሰዉ ይንጫጫል … ማን?

— …እ። አንተ ነህ።

— አይ፣ ድምፅህንማ አልረሳሁም። ቁጥርህን ነው ያጠፋሁት። ድምፅም የሚጠፋ ቢሆን እሱንም አጠፋው ነበር። … ምን ፈለግክ? ሰባት ዓመት ሙሉ የት ነበርክ? … ደውለህ ነበር? ባነሳውስ ምን ልትለኝ ነበር፣ ክስህን ልታነብልኝ?

— ቆይ፣ እዚህ መሆኔን ማን ነገረህ? … ልጄ? የኔ ልጅ? … አንቺ! ነይ እስቲ ወዲህ! ለአጎትሽ ደወልሽለት? … ምን አንገትሽን ትደፊያለሽ፣ ጥያቄ ነው የጠየቅኩሽ! … «ቢጨንቀኝ ነው» ትለኛለች። እሺ፣ ቤት እንገናኛለን። … አንተን አይደለም፣ እሷን ነው። ከአንተ ጋርማ መገናኛችን ችሎት ነው።

— አዎ፣ መዝገቡን እየፈለግኩ ነው። ምን ይገርማል? … ለምን? ለምን ይለኛል እንዴ! ልጅቷ መንገዱ ጋ ያለችውን ክፍል ፀጉር ቤት ልታደርጋት ነው። መስታወቱን ገዛች፣ ወንበሩን ገዛች፣ ፈቃድ ልታወጣ ማዘጋጃ ቤት ስትሄድ «ቤቱ የፍርድ ቤት እግድ አለበት፣ ምስማር እንኳ መምታት አይቻልም» ብለው መለሷት። እግዱን ያመጣብን ማነው? የእናቷ ወንድም! የአንድ ሆድ ልጅ! … ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ቤቴ።

— እኔ? እኔ ነኝ የማልሰማው? … አዎ፣ መጥሪያ ይዞ የመጣውን ሰውዬ ከበር መልሼዋለሁ። «ወንድም የለኝም፣ የሌለ ሰው ደግሞ አይከስም» ብዬ። … ብያለሁ! ያኔም ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ!

— ምን? … «ድሮ ጋሼ ትዪኝ ነበር»! ድሮ አንተም እህቴ ትለኝ ነበር፣ ኋላ ተከሳሽ አልከኝ። ጋሼ አልልህም። አፌ ላይ አይመጣም። … አይመጣም አልኩህ!

— እሺ፣ እየሰማሁ ነው። … የመዝገብ ቁጥሩን? አንተም አታስታውሰውም? በል እንግዲህ! ከሳሹ አያውቀው፣ ተከሳሿ አታውቀው፣ ማን ይወቀው ታዲያ፣ በር ላይ ያለው ዘበኛ?

— ስማ፣ ከትናንት ጀምሮ ስንት በር እንዳንኳኳሁ ታውቃለህ? መጀመሪያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄድኩ። የኔ ነገር ትልቅ ነገር ነው ብዬ። «የዚህ የገንዘብ ግምቱ ትንሽ ነው፣ እታች ሂጂ» አሉኝ። እታች መጣሁ። «የመዝገብ ቁጥር?» አላውቅም። «በስንት ዓመት የተከፈተ?» እናቴ የታመመች ጊዜ። «የትኛው ችሎት?» ችሎቱን መች አየሁት፣ እግሬን አላነሳሁ! «እሺ፣ ስምሽ ማነው?» ነገርኳቸው። ገለባበጡ፣ ገለባበጡና «በዚህ ስም የተከፈተ መዝገብ የለም» አሉኝ። ቤቴ ታስሮ እንዴት አይኖርም? ጮህኩባቸው። ደብቃችሁት ነው፣ ወንድሜ ከእናንተ ጋር ተሻርኮ ነው አልኩ። … አዎ፣ ስምህን ጠርቼ ነው! አፈርክ? እፈር!

— ምን አልክ? … ቀስ እያልክ ተናገር። … በማን ስም? … «በከሳሹ ስም ፈልጊው።» … እንዴት ማለት ነው? … የሚያወጡት በመጀመሪያ በተጻፈው ሰው ስም ነው? የኔ ስም ከሥር ተቀብሮ ነው? … ይሄን የሚነግረኝ አንድ ሰው ጠፍቶ ነው ከትናንት ጀምሮ ደጅ የምጠናው! ልጅ ሆነን በሳህኑም ቀዳሚ አንተ፣ አሁን በመዝገቡም ቀዳሚ አንተ!

— ወንድም! አንተን ነው፣ የመዝገብ ቤቱ … እዚህ ስልክ ላይ ያለው ከሳሹ ነው። አዎ፣ ራሱ። በሱ ስም ፈልግልኝ። … ምኔ ነው? ምኔ ይሆናል፣ ታላቅ ወንድሜ ነው። … በደም፣ አዎ። በደም ብቻ። … ስሙን ልጄ ትጻፍልህ፣ እኔ እጄ እሺ አይለኝም። … እርስዎ ከኋላዬ ያሉት፣ አይግፉኝ! እኔም ተራ ጠብቄ ነው!

— ሄሎ? አለሁ፣ አለሁ። እየፈለገ ነው። … ምን አልክ ወንድም? … «አለ። ግን ያለቀ ነው፣ ምድር ቤት ነው የተቀመጠው።» … ያለቀ? ምኑ ነው ያለቀው? … ቆይ አንተ፣ አትናገር! አውቄዋለሁ! በሌለሁበት አስፈርደህብኛል ማለት ነው! አስፈርደህ ዝም! … እኔ እኮ በር በተንኳኳ ቁጥር ቤቱን ሊረከቡ የመጡ ነው የሚመስለኝ። የወተት ሻጩን እንኳ «ደብዳቤ ይዘሃል?» ብዬ ነው የምከፍትለት።

— ምኑ? … ጣራው? አዎ ያፈሳል! ይሄንንም ነግራሃለች? ይቺ ልጅ ምን የቀራት ነገር አለ! … ለምን አሠራዋለሁ? የማን እንደሆነ ለማላውቀው ቤት ቆርቆሮ ልግዛ? አድሼ ላስረክብህ? … ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ እደረድራለሁ። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ ደግሞ ድስቱ። አናጢ ወንድም ያላት ሴት ከባልዲ ጋር ትኖራለች! … አትሳቅ! ምኑ ነው የሚያስቀው?

— መጣ። መዝገቡ መጣ። አቧራ ብቻ ነው። … ማየት እችላለሁ አይደል? … እዚሁ ተቀምጬ? … ይዤው አልወጣም፣ ምን ላደርገው፣ አልበላው! … የት ልፈርም? … ግልባጭ ካስፈለገኝ ከፍዬ፣ ማኅተም አስመትቼ። ገባኝ። … ማንም ሰው መጥቶ መጠየቅ ይችላል? ያኔም? ያኔም ብመጣ ታሳዩኝ ነበር? … ጉድ ነው። … አንቺ፣ መነጽሬን። … ቦርሳው ውስጥ ነው! የፊተኛው ኪስ!

— አለህ? እንዳትዘጋብኝ። ያስፈረድክብኝን ለራስህ ጆሮ ነው የማነበው። … «አንብቢው፣ አንብቢው» ይለኛል ደግሞ! ላነበው አይደል!

— «ከሳሽ» … አንተ፣ ከነአባትህ ስም። «ተከሳሽ» … እኔ፣ ከነአባቴ ስም። አየኸው? አባታችን ከላይ ከሳሽ፣ ከታች ተከሳሽ ሆኖ ተጽፏል። ከራሱ ጋር አካሰስከው ሰውዬውን! … «ከአባቴ የማገኘው ድርሻ እንዲከፈለኝ» … እሺ። ይሄ እግዱ ነው፣ «ቤቱ እንዳይሸጥ፣ እንዳይለወጥ» … እሺ። ቀጥሎ … ይሄ ጽሑፍ ምንድነው፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል። «ከሳሽ ቀርበዋል። ተከሳሽ አልቀረቡም።» አዎ፣ አልቀረብኩም። ደግ አደረግኩ! «ከሳሽ … ተከሳሿ ታናሽ እህታቸው መሆኗን ገልጸው … ክሱን … በገዛ ፈቃዳቸው …»

— ቆይ።

— ቆይ፣ እንደገና ላንብበው። «ክሱን በገዛ ፈቃዳቸው ትተዋል። መዝገቡ ተዘግቷል። እግዱ ተነስቷል፤ ለማዘጋጃ ቤት ይጻፍ።»

— ትተኸዋል?

— ሄሎ! ትሰማኛለህ? ትተኸዋል ወይ ነው የምልህ! … መቼ? … መጀመሪያው ቀጠሮ ላይ? … ዳኛዋ ጠየቀችህ? ምን ብላ? … «እህትህ ናት?» አለችህ። … እሺ? … «አዎ» አልክ፣ ቀጥለህም «ትቼዋለሁ» አልክ። … እና ለምን አልነገርከኝም?! አንተ ሰው! ለዳኛ ነገርክ፣ ለጸሐፊ ነገርክ፣ ለኔ ማን ይንገረኝ? አፍ የለህም?

— ደውለሃል፣ አላነሳሁም። እሺ። … በሬ ድረስም መጥተሃል። … ውሃ የደፋሁብህ ቀን? … ያን ቀን ይሄን ልትነግረኝ ነበር? … ታዲያ ብትርስስ ምን አለበት! እየረጠብክ አትጮህም ነበር! መንገድ ላይ ቆመህ «ክሱን ትቼዋለሁ!» ብለህ፣ ጎረቤት ሁሉ ይስማ! አንገትህን ደፍተህ ሄድክ። … ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይኸው ነቀዘ! ምድር ቤት ሆኖ ነቀዘ! ዝምታህ ከክስህ ይብሳል!

— ቀኑን? … ይኸው፣ ቀኑ ይሄ ነው …

— እማዬ በሕይወት ነበረች። … እማዬ በሕይወት እያለች ነው የተውከው! ታዲያ ምስኪኗ ልጆቼ በፍርድ ቤት ይፈላለጋሉ እያለች እንድትሞት … ምን? … ነግረሃታል?

— ታውቅ ነበር?

— … «ደውዪለት» ትለኝ ነበር። አልጋዋ ላይ ሆና። «ደውዪለት ልጄ፣ ደውዪለትና ስሚው።» እኔ ላንተ ያደላች መስሎኝ … ልትጨርስልኝ ስትል ተነስቼ እወጣለሁ። «የሱን ነገር እንዳታነሺብኝ» ብዬ። በሩንም ገጭ አድርጌ። … ቀብሯ ላይ አንተ ዛፉ ሥር ቆመሃል፣ እኔ በሩ ጋ። መሀላችን ሳጥኗ። … አሁን ማንን ልቆጣ? አንተን ነው የምቆጣው! አንተ ነህ ያለኸው!

— አላለቅስም! ማነው የሚያለቅሰው? አቧራው ነው፣ ያንተ መዝገብ አቧራ! … አንቺ ምን ታይኛለሽ፣ ሶፍት ስጪኝ!

— ይሄስ ምንድነው? ከኋላው የተያያዘው … ደብዳቤ ነው፣ ማኅተሙም አለ። «ለማዘጋጃ ቤት … እግዱ የተነሳ መሆኑን እንድታውቁት» … ወንድም! ይሄ እዚህ ምን ይሠራል? … «ባለጉዳዩ በእጁ ካልወሰደው አይሄድም።» … ሰማኸው? ደብዳቤው እግር የለውም ነው የሚልህ! አንተ እነሱ ያደርሱታል ብለህ፣ እነሱ አንተ ትወስደዋለህ ብለው፣ እኔ መሀል ላይ ከነባልዲዬ! … «አላወቅኩም»! ክስ መክፈት አውቀህ መዝጋት አታውቅም? … ታዲያ ጠይቅ! መጠየቅ ያዋርዳል?

— ቆይ … አሁን ልውሰደው እንዴ? … አይሆንም፣ አርጅቷል፣ በአዲስ ቀን መጻፍ አለበት ይላል። … እና ማን ያመልክት? … ይሄውልህ፣ ስማ! እኔ ካመለከትኩ ላንተ መጥሪያ ይላክልሃል! ከሳሹ ራሱ ከመጣ ግን ዛሬውኑ ያልቃል ይላል። መጥሪያ ልላክልህ? በመጥሪያ አድራሽ? አንተም ውሃ ድፋበት?

— በል ና። … እንዴት የት? እዚህ ነዋ! … ሥራ ላይ ነህ? የት? … ጣራ ላይ? የሰው ጣራ ላይ ወጥተህ ነው ከኔ ጋር የምታወራው? የሰው ጣራ እየደፈንክ! … ውረድ! አሁን ውረድ!

— ይቅርታ? ማን ይቅርታ አለህ? አላልኩም! አሁንም እርር ብያለሁ፣ ፊትህን ሳየው ደግሞ ይብስብኛል፣ ተዘጋጅተህ ና። መታወቂያህን ያዝ። መሰላሉንም ያዝ። … ለፍርድ ቤቱ አይደለም መሰላሉ፣ ለቤት ነው! ከዚህ ማዘጋጃ ቤት፣ ከማዘጋጃ ቤት በቀጥታ ጣራዬ ላይ ነው የምትወጣው። … ምሳ ሳይወጡ ድረስ፣ አለበለዚያ ይዘጉታል።

— ምንድነው እዚያ የሚንኳኳው? … እየወረድክ ነው? ስልኩን ይዘህ? በአንድ እጅ? በዚህ ዕድሜህ! … ስልኩን ኪስህ ክተተው፣ በሁለት እጅህ ያዝ! … እሰማሃለሁ፣ ግዴለህም ውረድ … ቀስ … ቀስ በል፣ እንዳትወድቅ ጋሼ …

— … ምን? … ምን አልኩ? ምንም አላልኩም! … አንቺ ምን ያስቅሻል? አንተስ ወንድም፣ ሥራህን አትሠራም? …

— ሄሎ? … ሄሎ! … ጋሼ? … ወረድክ?

— እሺ። … እሺ፣ ወርደሃል። በል ዝጋና ና። እኔ መዝገቡን ይዤ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። እስክትመጣ አልመልስላቸውም።