አቶ ሾዴ ሐኪም የፈተኑበት ነጠላ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የአቶ ሾዴ ሸፊን የሕይወት ታሪክ እንዳነብ ቤተሰቡ ያዘዘኝ የባለቤታቸው ወንድም መሸሻ ነኝና፣ ፀሐዩ እስኪበረታ ጥቂት ታገሡኝ።

አቶ ሾዴ ከአባታቸው ከአቶ ሸፊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ገበያነሽ በ1924 ዓ.ም. በጋሞ ደጋ ተወልደው፣ ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ክር መቁጠር ተምረው፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው አዲስ አበባ ገብተው፣ ጉለሌ ሽሮ ሜዳ ላይ የሸማ ሥራ ጉድጓዳቸውን ቆፍረው ተቀመጡ። ፊደሉንም በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቆጥረው ምስክር ወረቀት ተቀብለዋል፤ ዳሩ ተጣሞ ተቆርጧል ብለው ወረቀቱን መልሰው ወስደውት እንደነበር ግን አልሸሽግም።

በ1950 ዓ.ም. እኅቴን ወይዘሮ ደሳለችን አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በሥራቸው ቀልድ የማያውቁ ሰው ስለነበሩ፣ ሸማውን ዳብሶ ወደ ብርሃን ገልጦ ላላየ ገዢ አይሸጡም ነበር፤ በዚህም የተነሣ ብዙ ገበያ ወደ ጎረቤት አልፏል።

በ1970 ዓ.ም. በግራ ውስጥ እግራቸው፣ ከትንሿ ጣት ሥር፣ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ወጣች። ወጣቱ ሐኪም ዶክተር አምኃ አንድ ጊዜ ብቻ አይተው ክፉ የቆዳ ካንሰር ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ይቆረጥ ቢሉ፣ አቶ ሾዴ አንዲት የማግ ክር ሆን ብለው የዘለሉበትን ነጠላ ከጉያቸው አውጥተው ጉድለቱን እንዲያገኙላቸው ጠየቁ። በር ላይ ሠላሳ ሕመምተኛ የሚጠብቃቸው ሐኪም ነጠላውን አጥፈው መለሱና ተረኛውን ጠሩ። አቶ ሾዴም የጎደለ ክር ያላየ ዓይን እግሬ ላይ ምን ያያል ብለው፣ የረቱ መስሏቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ሰባት ወር አለፈ፤ ምስሯም ባቄላ አከለች። በመጨረሻ ወይዘሮ ደሳለች መወርወሪያቸውን ደብቀው፣ ሐኪም ካላዩ ሥራም የለም ስላሏቸው፣ አቶ ሾዴ እያጉረመረሙ ወደ ዶክተር አዲሳለም ሄዱ። እኒህ ሴት ሐኪም ነጠላውን ተቀብለው መስኮት ላይ ዘርግተው፣ አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው ከዳር እስከ ዳር ካዩት በኋላ ሁለት ጉድለት አገኙ። ሁለተኛውን አቶ ሾዴ ራሳቸው አያውቁትም ነበር። ከሐፍረታቸው የተነሣ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ። ዶክተሯም ሌላውን እግር፣ የጣቶቻቸውን መሐል፣ ጥፍራቸውን፣ ጀርባቸውን ሳይቀር አይተው፣ በምርመራ ካንሰር መሆኑን አረጋግጠው ሁለት ጣት አስቆረጡ፤ አቶ ሾዴም በቀሩት ሦስት ጣቶች መርገጥ ተምረው ወደ ጉድጓዳቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ሾዴ ያገኙትን ሰው ሁሉ ውስጥ እግርህን ካላየሁ ስለሚሉ፣ በሰፈራችን እግሩን ሸሽጎ የኖረ ሰው የለም። አንድ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ሊቀመንበሩ ስለ ምርት ሲናገሩ፣ አቶ ሾዴ ከጠረጴዛ ሥር የሊቀመንበሩን ጫማ ሲፈቱ ተይዘው ነበር። አብዮት ጠባቂዎች ለማጣራት ግማሽ ቀን ቢያቆዩዋቸው፣ እስኪለቀቁ ድረስ የጥበቃውን ሁሉ ውስጥ እግር አይተው ጨርሰዋል።

ዘንድሮ፣ በ1978 ዓ.ም.፣ በሽታው በሳንባቸው በኩል ተመልሶ መጣ። አቶ ሾዴ ግን ማንንም አላማረሩም፤ ዶክተር አምኃን አስጠርተው፣ «ያቺ ሰባት ወር የእኔ ጉድለት ናት። እርስዎ ያኔ ልክ ነበሩ፤ እኔ ነኝ በእግሬ ፋንታ የጨርቅ ክር ላስቆጥርዎ የፈለግኩት» አሏቸው። ይህን ስሰማ ወጥቼ አልቅሻለሁ። ነጠላውም በሬሳ ሣጥናቸው ላይ እንዲደረግ ተናዝዘው፣ በሦስተኛው ቀን በተወለዱ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዶክተር አምኃ ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ከሣጥኑ አጠገብ ናቸው። አንዱን ጉድለት አግኝተዋል፤ ሁለተኛውን እየፈለጉ ነውና እባካችሁ ብርሃኑን አትከልክሏቸው።

አቶ ሾዴ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ከነድሩ የቀረ አንድ ያላለቀ ዐይነ ግቡ ኩታ ትተውልን ሄደዋል። ፈጣሪ ሥራቸውን ወደ ብርሃን ገልጦ ሲመለከት፣ እርሱ የማያየው ጉድለት የለምና፣ አይቶ እንዳላየ ይለፍላቸው። አሜን።