ከመልካ ጀብዱው በርጫ በኋላ

ደስታዬን የት ላድርሰው! በብርዱ ወራት ከሚካሄደው የተራራ ብስክሌት ውድድር ሁለተኛውን ዙር አሸነፍኩ። ዛሬ ከቀፊራ ገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ የመጀመሪያውን ዙር ያሸነፈው ልጅ ጀርባውን ሰጥቶኝ ከባጃጁ ሹፌር ጎን ተቀምጧል።

"አቦ፣ ሴት ልጅ ቀደመችህ አሉ?" አለው ሹፌሩ።

"ወላሂ አልቀደመችኝም! መልካ ጀብዱ ላይ አረፍ ብዬ ነው።"

"ጎማ ተነፈሰብህ?"

"ኧረ የጫት ሰዓት ደረሰ! ቀኑን ሙሉ እየነዱ ያለ በርጫ እንዴት ይሆናል?"

"እሷስ?"

"እሷማ ጫቱን ዘርግቼ 'ጀባ!' ብላት ዞር እንኳ ሳትል አለፈች። ሥርዓት የላትም!"

"እሁድ የመጨረሻው ዙር ነው። ከደገመችህ ዋንጫው የሷ ነው።"

"እሁድማ እየነዳሁ ነው የምቅመው!"

ሄልሜቴን ቦርሳዬ ውስጥ ወደ ታች ገፋሁት፤ እናንተ ግን እሁድ ደቻቱ ድልድይ ጋ ኑና እሱ ሲያልፍ "ጀባ!" በሉልኝ።