ምርቃት የሆነው መጽሐፍ

ዓይኔ ስለደከመ፣ ፊደል የሚያጎላ የዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ ልግዛ አልግዛ እያልኩ ስብሰለሰል ሰንብቼ መርካቶ፣ ራጉኤል አጠገብ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አንዱ ገባሁ። ሻጯ አብርታ ሰጠችኝ። እውነት ለመናገር ዕቃው ጥሩ ነው፤ እጅ ላይ አይከብድም፣ ዓይን አይወጋም። ዋጋ ስከራከራት፣ «ጋሼ፣ ከዚህ አልወርድም። ግን ሦስት መቶ የአማርኛ መጽሐፍ ጭኜ እመርቅልዎታለሁ» አለችኝ። መርካቶ ገዝቶ ምርቃት የማይጠብቅ የለም። ዝርዝሩን ሳይ ግን የወዳጄን መጽሐፍ አገኘሁት። ስምንት ዓመት የለፋበት፣ በራሱ ወጪ ያሳተመው፣ ግማሹ እስካሁን ሳይሸጥ ሳሎኑ ውስጥ የተቆለለ መጽሐፍ ነው።

«ይሄ ስርቆት ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

«ኧረ ጋሼ! በነፃ የተሰጠ ነገር ደግሞ ስርቆት ይባላል እንዴ?» ብላ ሳቀች።

ከየት እንደመጣ ለማጣራት ከፈትኩት። ገጾቹ በስልክ ፎቶ የተነሱ ናቸው። መጀመሪያው ገጽ ላይ በወዳጄ የእጅ ጽሑፍ የእኔ ስም ሰፍሯል፤ ፈርሞ የሰጠኝ የራሴ ቅጂ ነው። ሻጯ አንገቷን አስግጋ ስሜን አነበበችና፣ «ሰውዬውን ያውቁታል?» አለችኝ።

«አውቀዋለሁ፤ መጽሐፍ የሚያውስ ጅል ነው» አልኳት።

ያን መጽሐፍ ያዋስኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ መጽሐፍ ደጋግሞ ለሚዋሰኝ የሥራ ባልደረባዬ። እዚያው ቆሜ ደወልኩለት።

«መጽሐፌን ለማን ሰጥተህ ነው ፎቶ ያስነሳኸው?»

«የትኛውን?» አለኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ፣ ዝርዝሩን ከላይ ጀምራ አንድ በአንድ እንድታሳየኝ ለሻጯ ነገርኳት።