ሃያ ሁለት ዓመት የቀናሁባት ጸሐፊያችን

እስቲ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። ከኋላ ያላችሁ፣ ኬኩ የትም አይሄድም፤ ቁጭ በሉ። ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

ዳይሬክተራችን ይህን ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቁኝ፣ «ከሁላችን በላይ የምታውቂያት አንቺ ነሽ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሰው የሚቀናበትን ሰው ያህል አጥንቶ የሚያውቀው የለም። እኔ እዚህ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር ሃያ አምስት ዓመቴ ነው። ከዚያ ውስጥ ሃያ ሁለቱን ያሳለፍኩት እዚህ ፊት ለፊቴ በተቀመጠችው የትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ስቀና ነው። አትሳቂ! የምሬን ነው።

የመጣችበትን ቀን ልንገራችሁ። የመንፈቅ ዓመቱ ምዝገባ ነበር፤ በረዶው ደረጃውን ሸፍኖታል፤ የቀድሞዋ ጸሐፊ በድንገት ለቅቃ ወንበሩ ባዶ ነው። ወላጆች ከቢሮው በር እስከ ግቢው ድረስ ተሰልፈው ይንቀጠቀጣሉ። ተራ አስከባሪዋ እኔ ነኝ። አንዲት ኮቷ ቁርጭምጭሚቷ የደረሰ ሴት መጣችና በጎን ሹልክ ልትል ስትል፣ «የኔ እመቤት፣ ተራ አለ!» አልኳት።

«አይ፣ እኔ እኮ...»

«ሁሉም ‹እኔ እኮ› ነው የሚለው። ከኋላ!»

ሄዳ ተሰለፈች። አርባ ደቂቃ! ከፊቷ ካለው አባት ጋር እየተጫወተች፣ የማታውቀውን ሕፃን ተቀብላ እያባበለች፣ አንድ አንድ እርምጃ እየተጠጋች ጠረጴዛው ጋ ደረሰች። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞረችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ኮቷን አወለቀች። እስክሪብቶ አነሳች። ቀና ብላ፣ «ቀጣይ!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። አጨበጨቡላት። እኔ ያኔ ሦስት ዓመት አስተምሬ አንድ ወላጅ እንኳ አጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር። ቅናቴ የተወለደው በዚያች ደቂቃ ነው፤ እስካሁንም ጤናው ደህና ነው።

የጠዋቱን ማስታወቂያዋን የማያውቅ አለ? በድምፅ ማጉያው፣ ገና ኮታችንን ሳናወልቅ፦ «ደህና አደራችሁ ልጆች። ዛሬ ማክሰኞ ነው። ደረጃው ያንሸራትታል፤ የሚሮጥ ልጅ ክፍሉ የሚደርሰው በመቀመጫው ነው። ሐሙስ የወላጆች ስብሰባ አለ፤ አባቶችም ወላጆች ናቸው። ዓርብ የመጻሕፍት ልውውጥ ነው። የተቀደደ አምጥታችሁ አዲስ ይዛችሁ ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ አውቃችኋለሁ።» የኔ ክፍል ልጆች እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮኼ ዝም አይሉም። ያቺ የድምፅ ማጉያ ሣጥን ገና ኮሽ ስትል ግን ዝንብ ስትበር ይሰማል።

ደግሞ የጓንቱ ነገር አለ። የጠፉ ጓንቶችን ሰብስባ ታስቀምጣለች፤ እጁ የቀዘቀዘ ልጅ ሄዶ ይመርጣል። አንዱን ቀይ፣ አንዱን አረንጓዴ አድርጎ ኮሪደሩን እንደ ንጉሥ ይንጎራደድበታል። አንድ ቀን ከልጆቼ አንዱን ያዝኩት።

«ጓንትህ የት አለ?»

«ጠፋ፣ ቲቸር። እማማ ቢሮ ጋ ልሂድ?»

«ኪስህ ውስጥ ያለውስ ምንድን ነው?»

ኪሱን አየ፤ እኔን አየ። «እሱማ የጠፋው ነው።»

እማማ ቢሮ! ስም ሳይቀር አወጡላት። እኔ በሃያ አምስት ዓመት ከ«ቲቸር» አላለፍኩም። ማሞቂያውስ? የኔ ክፍል ልጆች ኮት ለብሰው ሲደምሩ የሷ ቢሮ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል። የጥገና ሠራተኛው የኔን ክፍል ሊሠራ ይመጣል፣ «እስቲ መጀመሪያ እሷን ሰላም ልበል» ይላል፤ በቃ፣ እዚያው ሲሳሳቅ ይውላል። አንተ ደግሞ አንገትህን አትድፋ፤ አይቼሃለሁ።

እሺ። አሁን ቀልዱን ላቁምና አንድ ነገር ልናገር። ፈቃድ ጠይቄያታለሁ፤ «የራስሽ ጉድ ነው፣ እንደፈለግሽ» ብላኛለች።

የዛሬ አሥራ ሦስት ዓመት ነው። ልጄ እዚሁ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። የብርድ ወራቱን ትርኢት የማዘጋጀው እኔ ነበርኩና ዋናውን ገጸ ባሕርይ ለልጄ ሰጠኋት። «እማዬ፣ ሌላ ሰው ቢሆንስ?» አለችኝ። «ለምን ተብሎ? ከማን ታንሻለሽ?» አልኳት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ፤ ቢያንስ ለኔ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወረቀት ላባዛ ወደ ቢሮው ስሄድ በሩ ገርበብ ብሏል። ሳቅ ሰማሁ። የልጄ ሳቅ ነው። ቤት ውስጥ ከሰማሁት ወራት ያለፈው ሳቅ! አጮልቄ አየሁ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ማሞቂያው ላይ ዘርግታ የዚህችን ሴት ዳቦ እኩል እየበላች ነው። ከዚያ «ለእማዬ እዚህ እንደምመጣ አትነግሪያትም አይደል?» አለቻት።

በጣቴ እየረገጥኩ ተመለስኩ። ወላጅ ብትቀማኝ፣ ተማሪ ብትቀማኝ እሺ። ልጄን! የወለድኳትን!

እና ምን አደረግኩ? ደብዳቤ ጻፍኩ። ስም የሌለው ደብዳቤ። «ጸሐፊዋ ተማሪዎችን ቢሮዋ እየሰበሰበች ሥራ ታስተጓጉላለች። የተማሪ ፋይል ባለበት ክፍል ልጅ መዋል የለበትም።» ከታች «አንድ ተቆርቋሪ ወላጅ» አልኩበት። ወላጅ መሆኔ ውሸት አይደለም፤ የደብዳቤው እውነት እሱ ብቻ ነው። ማንም ሳያየኝ በአስተያየት መስጫው ሣጥን ጨመርኩት።

የያኔው ዳይሬክተር ነገር የሚያከሩ ሰው ነበሩ። በሁለተኛው ቀን እገዳ ወጣ። ማስታወቂያውን የጻፈችውም ራሷ ናት፤ ማን ይጽፈዋል ሌላ? «ተማሪዎች ወደ ቢሮ መግባት አይችሉም።» በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፏ። በዚያ ሳልፍ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ደስ አላለኝም። ማንበብ የማይችሉት አንደኛ ክፍሎች በሩን ሲገፉ ከውስጥ «ሂዱ የኔ ልጆች፣ ትእዛዝ ነው» ስትል ሰምቼ ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ትርኢቱ ነገ ሊሆን ዛሬ የመጨረሻው ልምምድ ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ መጋረጃው ሊከፈት ነው፤ ልጄ የለችም። መጸዳጃ ቤት የለችም። ቤተ መጻሕፍት የለችም። ውጪ በረዶው ሰው የማያሳይ ሆኖ ይወርዳል። ያለ ኮት እስከ ዋናው መንገድ ሮጥኩ፤ ስሟን እየጠራሁ መኪና ሊገጨኝ ነበር። ስመለስ እሷ ቢሮ ዘልዬ ገባሁ።

«ልጄ የለችም! ልጄ ጠፋችብኝ!»

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የጠየቀችኝ። «ኮቷስ?»

አላውቅም። እናቷ አላየሁም። ተነስታ ወደ ኮሪደሩ ሄደች፤ መስቀያውን በእጇ እየዳሰሰች አልፋ አንዱ ጋ ቆመች። «ይኸው ኮቷ። ውጪ አልወጣችም፤ እዚሁ ናት። አንቺ ቁጭ በይ።» ብላኝ ሄደች።

አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ግን ያረጀሁት ያኔ ነው። ተመልሳ፣ «አግኝቻታለሁ። ነይ። ግን ተናግራ እስክትጨርስ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» አለችኝ።

መድረኩ ሥር ያለችውን ዕቃ ማስቀመጫ ታውቋታላችሁ። ልጄ በተጠቀለሉት ምንጣፎች መሃል ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ይህቺ ሴት በዚያ በታመመ ጉልበቷ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እኔም ቁጭ አልኩ። ልጄ ቀና ብላ ሳታየኝ ተናገረች።

«እማዬ፣ ሰው ፊት ስቆም ድምፄ ይጠፋል። ላንቺ ስነግርሽ ‹ከማን ታንሻለሽ› ትይኛለሽ። እማማ ቢሮ ጋ እየሄድኩ ነበር የማወራው። አሁን ደግሞ መግባት ተከለከለ።»

አፌ ተከፈተ። መናገር ሥራዬ አይደል? «አይዞሽ፣ ትችያለሽ፣ ጎበዝ ነሽ» ልላት ነው። ይህቺ ሴት እጄን ይዛ እስኪያመኝ ጨመቀችኝ። ዝም አልኩ። ልጄ አለቀሰች፤ ቀጠለች፤ ያልነገረችኝን ሁሉ ነገረችኝ። በማግስቱ ሌላ ልጅ ወረቀት ይዛ ተወነች፤ የኔ ልጅ መጋረጃ ሳበች። ትርኢቱ አማረ።

በትርኢቱ ማግስት ጠዋት፣ ተማሪ ሳይገባ፣ ቢሮዋ ሄጄ ቆምኩ። «ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«እኔ እኮ የስፖርት አስተማሪው መስሎኝ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ያንን ምስኪን ሰላም ነስቼው!»

አዎ፣ አንተን! አሁን ገባህ? ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ከርማለች። ይቅርታ ወንድሜ፣ ዕዳው የኔ ነው።

ሳቅኩ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር። አልሳቀችም። «ልጆቹ በሩ ላይ ቆመው ሲመለሱ አይተሻል» አለችኝ። «አይተሽ አልፈሻል። በይ አሁን ውጪልኝ።»

ወጣሁ። በቀጥታ ዳይሬክተሩ ጋ ገብቼ ደብዳቤው የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። እኔ ተግሣጼን ጠጣሁ፤ እገዳው ተነሳ፤ ልጆቹ ተመለሱ። እሷ ግን አልተመለሰችልኝም። በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ አላናገረችኝም። በጠዋቱ ማስታወቂያ «አንደኛ ክፍሎች፣ ሦስተኛ ክፍሎች፣ አራተኛ ክፍሎች» ትላለች። ሁለተኛ ክፍል የሚባል ከዓለም ላይ ጠፋ! ልጆቼ «ቲቸር፣ እኛ የለንም እንዴ?» ይሉኛል።

ከዚያ አንድ ጠዋት ሣጥኗ ኮሽ አለች። «የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ወደ ቢሮ ትምጣ።» ሄድኩ። ወንበር ገፋ አደረገችልኝ።

«ልጅሽ የነገረችኝን አልነግርሽም። እንዴት እንደምትጠይቂያት ግን ላሳይሽ። ጠይቂያት፤ ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ሲያስጨንቅሽ አሁንም ዝም በይ።»

እህቴ፣ ሰው ሁሉ ዛሬ ስለ ፋይሉና ስለ ምዝገባው ያመሰግንሻል። ይገባሻል። እኔ የማመሰግንሽ በዚያች ጠዋት ነው። ይቅር ማለት ሳይኖርብሽ ወንበር ሰጠሽኝ። ልጄን ሰጠሽኝ፤ የሰጠሽኝ ደግሞ ልወስድብሽ ከሞከርኩ በኋላ ነው። ይህንን በሰው ፊት ሳልናገር ብሸኝሽ ኖሮ ሌላ ስም የሌለው ደብዳቤ እንደ መጻፍ ይቆጠርብኝ ነበር።

ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዳትሳሳቱ። ልጄ እዚህ አለች፤ ከማን ጎን እንደተቀመጠች እዩ! ባለፈው ወር ልታገባ መሆኗን መጀመሪያ የነገረችው ለማን ይመስላችኋል? እኔ ሁለተኛ ነኝ። ሁለተኛ ክፍል የተመደብኩት ያለ ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ ጡረታ! ሰኞ ጠዋት እኔ ደረጃው ላይ ጨው ስበትን አንቺ ብርድ ልብስሽን ወደ አገጭሽ ትስቢያለሽ። መቅናት ሲያንሰኝ ነው። አራት ዓመት ይቀረኛል፤ ቆጥሬዋለሁ።

አዲስ ጸሐፊ እስኪቀጠር የምሳ ሰዓቱን ቢሮ ማን ይያዝ ብለው ዳይሬክተራችን ትናንት ሲጠይቁ እጄን አውጥቻለሁ። አዎ፣ እኔ። አትደንግጪ። ሰኞ ልጆቹ ይገባሉ፤ «እማማ ቢሮስ?» ይሉኛል፤ ፊታቸው ሲወርድ አያለሁ፤ ያን ጊዜ ከመቼውም በላይ እቀናብሻለሁ። ይሁን፤ ችዬው እቀመጣለሁ።

በሉ፣ ሁላችሁም ተነሱ። ብርጭቋችሁን ከፍ! አንቺ ተቀመጪ፤ ዛሬ እኛ ነን የምንቆመው። ጉልበትሽን ይማርልሽ። እንቅልፍሽ እስከ ፈለግሽው ሰዓት ይሁን። ቤትሽ ከሰው አይጉደል። የልጅ ልጆችሽ በሩጫ ይምጡብሽ፤ ሲሄዱም ስመው ይሂዱ። ስትናፍቂን ደግሞ ኩራትሽን ትተሽ ብቅ በይ፤ እኛማ ከአሁኑ ናፍቀንሻል።

ለእማማ ቢሮ! ለጤናዋ!