የሻይ ቤታችን ትራስ

በእኛ ጊዜ፣ ስሙኝ ልጆች፣ በእኛ ጊዜ በአንድ ብርጭቆ ሻይ ከጠዋት እስከ ማታ የሚጎለት ሰው መዓት ነበር። ኢህአዴግ በገባ ሰሞን ነው። እናቴ፣ አላህ ይማራትና፣ ቡታጅራ መናኸሪያው ጀርባ አራት ጠረጴዛ ያላት ሻይ ቤት ነበረቻት፣ እኔ አሳላፊዋ ነኝ። ታዲያ አራት ሰው አራቱን ጠረጴዛ ይዞ ከተጎለተ ከአውቶቡስ የወረደው መንገደኛ የት ይቀመጥ? በበሩ አየት አድርጎ ይሄዳል። እናቴ መጀመሪያ ካርቶን ላይ አስጻፈች፣ «ሻይ ጠጥቶ መጎለት ክልክል ነው» ብላ። ማን ያነባል? እኔ ራሴ ከሁለተኛ ክፍል የወጣሁ ነኝ፣ እሷን አንብቤ እስክጨርስ መጎለት ያስፈልገኝ ነበር!

እና ምን አመጣች መሰላችሁ? ትራስ! የአልጋ ትራስ፣ አበባ የተጠለፈበት። ሰውዬው ሻዩን ጨርሶ ሲቆይ ከምድጃው ትጮሃለች፣ «ሰአዳ! ለእንግዳችን ትራስ!» እኔ እሮጣለሁ፣ ትራሱን ጠረጴዛው ላይ ዱብ፣ የእናቴን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል፣ ከዚያ እጄን አጣምሬ «በስንት ሰዓት እንቀስቅስዎ?» እላለሁ። ቤቱ በሳቅ! ሰውዬው ፍርጥጥ። አንዱ ደላላ «ኧረ እኔ ሰው እየጠበቅኩ ነው!» ቢል፣ እናቴ «ይምጡ፣ ለእሳቸውም ፍራሽ አለ!» አለችው።

ታዲያ በዚያው ዓመት ሸምሱ፣ ያው አጎታችሁ፣ ከወልቂጤ እቃ እየጫነ ይመጣ ነበር። ትራሱን ፈርቶ ሻዩን ቆሞ ነው የሚጠጣው። አንድ ቀን ብርጭቆውን ሲመልስልኝ ቀስ ብሎ «ሽማግሌ ልልክ ነው፣ እናትሽ እንዳታባርርብኝ» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም፣ በር በር ማየት ነው። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ማንም የለም።

በገበያ ቀን አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ መጡ። «አሰላሙ አለይኩም» ብለው ጥግ ተቀመጡ፣ አንድ ሻይ አዘዙ፣ ጠጡ። ከዚያ ተቀመጡ። እኔን ያዩኛል፣ እናቴን ያያሉ፣ ጣራውን ያያሉ። መንገደኛው በር ላይ ቆሟል፣ እሳቸው ንቅንቅ የለም።

«ሰአዳ! ለእንግዳችን ትራስ!»

«እማ፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ» አልኩ በቀስታ።

«ታዲያ ትራስ ለሽማግሌ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?»

ቤቱ ፈነዳ። ወሰድኩ፣ ግን ዱብ ማድረጉ አቃተኝ፣ ቀስ አድርጌ አኖርኩት። «በስንት ሰዓት...» ብዬ ስጀምር፣ «ለአስር ሶላት ቀስቅሺኝ ልጄ» አሉ እና ተኙ! ወላሂ ተኙ! አንኮራፉ! ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች፣ እንዲህ ያደረገን ሰው የለማ! ከበሩ ነፋስ ይገባል፣ ጋቢውን እስከ እግራቸው አለበስኳቸው። ለአስር ቀሰቀስኳቸው፣ መረቁኝ፣ ሄዱ። ዞር ብል ትራሱ የለም! እናቴ «የሽማግሌ ሌባ!» እያለች እስከ መናኸሪያው ሮጠች፣ አጣቻቸው።

እሁድ ጠዋት ቤታችን ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች። ከፊት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? እሳቸው! ትራሱን በብብታቸው ይዘው! ክው አልኩ። ለካ የሸምሱ አጎት ናቸው፣ ያን ቀን የመጡት ልጅቷንና ቤተሰቧን አይተው ሊመለሱ ነው። እኔ ደግሞ በእጄ፣ በእነዚህ እጆቼ ትራስ አመጣሁባቸው!

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ያ ረቢ! ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች። መቼም ሽማግሌ እሺ ሳይባል እንደማይቀመጥ ታውቃላችሁ፣ እሳቸው ግን ምን አሉ?

«አንቀመጥም። እዚህ ቤት የተቀመጠ ሰው ትራስ ይመጣበታል። ልጅሽን ለልጃችን ስጪን፣ ያኔ እንቀመጣለን።»

እናቴ ትሳቅ ታልቅስ አታውቅም። «በሰው ፊት አዋርጄዎት እንዴት ተመለሱ?» አለች።

«አንቺን ብዬ መሰለሽ?» አሉ። «ቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ እሷ እግሬን አለበሰችኝ።»

እናቴ እዚያው እሺ አለች። ከዚያ ወዲያ ግን «ከማን ወገን ነዎት?» ብላ ሳትጠይቅ ለማንም ትራስ አልላከችም!

ይህን ለእህቴ ልጆች ስነግራቸው አንዷ «አክስቴ፣ ትራሱስ የት ገባ?» አለች።

«የተደገፍሽው ምን መስሎሻል?» ብላት ዘላ ተነሳች፣ ወደ በሩ! ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። «ኧረ ቁጭ በይ፣ አንቺን ማን አባረረሽ!»