ምንጭ ዳር የሚታሰሩ ላሞች

ና ወንድሜ ዑመር፣ ቤት ለእንግዳ። በቅሎዎቹን ከእንሰቱ ራቅ አድርገህ እሰራቸው፣ ያለዚያ ቅጠሉን ይጨርሱብኛል። ከዶዮገና ድረስ በዚህ ጭቃ መጣህ? የዘንድሮ ዝናብ ለባቄላው መልካም ነው፣ ለመንገደኛ ግን... ያቺ የፊተኛዋ ታነክሳለች ልበል? ኮቴዋን እይላት፣ ጠጠር ገብቶባት ይሆናል። ባቄላውን እዚህ ደረቁ ላይ አውርደው። ጃጁራ ገበያው እንዴት ነው? ባለቤትህ ሀዋስ? ልጆቹስ? ተመስገን። እኛም ተመስገን ነው።

ጣቢታም ተመስገን፣ ትተነፍሳለች። የዓለሚቱ ልጅ፣ የልጅ ልጄ፣ ባለፈው አይተሃት የለም? እግሯ እንዳበጠ ነው። ፀጉሯ እንደ ደረቀ ሣር ቀላ። ጡት ከጣለች ወዲህ ቆጮ ብቻ ሆነባትና፣ የክሊኒኩ ድሬሰር ሆድ ይሞላል እንጂ ገላ አይሆናትም አለ። ወተት፣ ባቄላ፣ ጎመን ስጧት አለ። እኔ ያለችኝ አንዲት ላም፣ እሷም ነጥፋለች።

ለዚህ አይደል እንዲህ ያለውን ልጅ ሁላችን ተባብረን እንመግብ ያልነው? አንተ ከደጋው ባቄላ ያለ ኪራይ ትጭናለህ። ጎረቤታችን ተረፈ ለጎመኑ መሬት ሰጠ። የሴቶቹ ግን ይበልጣል። የነሱን ዊጆ ታውቃለህ፤ ሁሉም ወተታቸውን በአንድ ማሰሮ ያጠራቅሙና ለባለተራዋ ይሰጧታል፣ እሷ ንጣ ቅቤዋን ታወጣለች፣ በሚቀጥለው ደግሞ ለሌላዋ። ከአያቶቻችን የወረስነው ነው። አሁን ቅቤው ይቅርብን፣ እያንዳንዱ ቤት በተራው የዕለቱን ወተት በየራሱ ማሰሮ ለታመመው ልጅ ይላክ ብለው ተስማሙ። ሴት ልጅ ቅቤዋን ስትተው ቀላል ነገር ነው? ለፀጉሯ ሳትል፣ ለእንግዳ ሳትል...

ዛሬ የት ታድራለህ ታዲያ? እዚያው፣ የተለመደው ቤት? ደግ አደረግህ። ሰፊ ቤት ነው። እንግዳ መቀበል ያውቅበታል። ስም መጥራት ምን ያደርጋል፣ ተዋውቀን የለም? እኔ ደግሞ ሰው ማማት አልወድም። ዛሬም ጠዋት ተንበርክኬ፣ ጌታ ሆይ አንደበቴን ጠብቅ ብዬ ነው የተነሣሁት። ስለዚህ መልካም መልካሙን ብቻ ነው የማወራህ።

እውነቱን ልንገርህ፣ እንደዚያ ያለ ሰው በአገሩ የለም። የወረዳው ገዥ ልጎብኛችሁ ብለው የመጡ ዕለት ንግግሩን አልሰማህም። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ሲል ገዥው ራሳቸው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። በኋላ እቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ለካ እሱ አርባ ዘጠኛችንን ሎሚ አሸክሞ ሽታውን ብቻ የሚይዝ ሰው ነው። ሽታ መያዝ ቀላል እንዳይመስልህ፣ ሁሉም ሰው አይችለውም። ደግሞ ይህ መረዳዳት ከማን ሐሳብ መጣ ብለው ቢጠይቁት፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከእኔ ነው አለ። ዊጆውም ጭምር። ሴት አያቴ ልጃገረድ ሳለች ዊጆ ትገባ ነበር፤ ይህ ሰው ያን ጊዜ ነበረ ማለት ነው። ዕድሜውን እንዴት ቢደብቀው ነው? ፊቱ ላይ እኮ አያስታውቅም... ፊቱ ላይ ምንም ነገር አያስታውቅም።

መቼም ከብት እሱ ጋ ነው። ላሞቹ ከምንጩ ዳር ሲታሰሩ ሜዳው ይጠባል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባል የለ? የሱ እንኳ በምድር ነው ያሉት፣ በዓይናችን እናያቸዋለን። ወተቱ ነው እንጂ... ተወው።

ባልነቱንስ አይተሃል? በእኛ አገር ወንድ የወተት ዕቃ አይነካም። አባቴ ሲሞት ማሰሮ እንዴት እንደሚከደን ሳያውቅ ነው የሞተው። እሱ ግን፣ የወተቱ ተራ እቤቱ ከደረሰ ወዲህ፣ በጠዋት ተነሥቶ ሚስቱን ያግዛል አሉ። አንቺ ደክመሻል፣ ሂጂ እንሰትሽን ፋቂ፣ የጣቢታን ወተት እኔ እሞላዋለሁ ይላታል። እንዲህ ያለ ትሑት ባል ሰምተህ ታውቃለህ? ሃያ ዓመት ሙሉ አብረው ሲኖሩ ውኃ ቅጂልኝ እንጂ ልቅዳልሽ ብሎ አያውቅም ነበር። አሁን ውኃ መቅዳቱንም ተማረ። ሴትየዋን ደህና አድርገህ ሰላም በልልኝ፣ እሷ ምስኪን ናት። ገበያ ስታገኘን አንገቷን ትሰብራለች፣ ለምን እንደሆነ አናውቅም... እኛ ምን እናውቃለን?

የመጀመሪያ ተራው የደረሰ ዕለት ማሰሮው ሙሉ ነበር። የሰውየውን ቸርነት አየሽ ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ወተቱን እሳት ላይ ጥዳ እንዳይገነፍልባት ማማሰያ ይዛ ቆመች። ቆመች፣ ቆመች... አልገነፈለም። እንደ ጨዋ ሰው ድምፁን ሳያሰማ ፈላ፣ ስልባቦትም አልሠራ። ባለቤቴ ፊቷን ስታጠቁርብኝ፣ ክፉ አታስቢ አልኳት። ላሞቹ ምንጭ ዳር ውለው ምንጭ ዳር ያድራሉ፣ ወተታቸውም ምንጩን ቢመስል ይገርማል? ልጅም እኮ ጎረቤቱን ይመስላል።

ሁለተኛው ተራ ትናንት ነበር። ጣቢታ ከጠዋት ጀምራ ጽዋዋን ይዛ በር ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯን ዘርግታ። ባለቤቴ ማሰሮውን ዘንበል አደረገችና መልሳ አቀናችው። ወደ እኔ ዞራ፣

«የዓለሚቱ አባት፣ ወተቱ ውስጥ የሚሄድ ነገር አለ» አለችኝ።

ሄጄ አየሁ። አልቅት ነው። ከማሰሮው አንገት ላይ ተለጥፎ፣ ወፍራም፣ ጥጋበኛ አልቅት።

አንተ በቅሎ ትነዳለህ፣ ከብት ትነግዳለህ፣ እስቲ ንገረኝ፤ አልቅት ከላም ጡት ይወጣል? እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፣ የማውቀው ከብት ውኃ ሲጠጣ አፍንጫው ውስጥ እንደሚገባ ነው። በጡት በኩል ሲወጣ አላየሁም። የሱ ላሞች ግን የተባረኩ ናቸው፣ ለነሱ ምን ይሳናቸዋል? ሌላ ነገርማ እንዴት ልጠርጥር? እንደዚያ ያለ የጸሎት ሰው ማሰሮ ይዞ ከምንጩ ዳር ጎንበስ አለ ብል ምላሴ አይቆረጥም? ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ ይላል ቃሉ። እሱ ከዚያም አልፎ ሄዷል። ግራውም አላወቀ፣ ቀኙም አልሰጠ።

ወተቱን ደፋነው። ጣቢታ ትናንት የባቄላ ውኃ ጠጥታ አደረች፣ እሱም ካንተ ካለፈው ጭነት የተረፈ ነው። አላለቀሰችም። ማልቀስም ጉልበት ይጠይቃል ለካ። ማታ ላይ ብቻ፣

«አያቴ፣ ነገ ተራው የማን ነው?» አለችኝ።

የተረፈ ቤት ነው አልኳት። ከዚያ ተኛች። ልጅ ሞኝ አይደለም፣ ዑመር። የማን ቤት ወተት ሆድ ውስጥ እንደሚቆይ ከሽማግሌ ይልቅ ያውቃል።

ሽማግሌዎቹማ እሁድ ከጸሎት በኋላ ሊመርጡ ነው፣ ሰምተሃል? የባቄላውን ጎተራ ቁልፍ የሚይዝ፣ የወተቱን ተራ የሚያዝዝ አንድ ታማኝ ሰው። ሁሉም አፍ የሚጠራው አንድ ስም ነው። ንግግር ያውቃል፣ ገዥው ያውቁታል፣ ላም አለው። እውነት ነው፣ ከሱ የተሻለ ከየት ይመጣል? ወተቱን በደረሰበት ተራ ብቻ እንዲህ ካበዛው፣ ሁሉንም ማሰሮ ቢይዝማ አገሩ ሁሉ ይጠግባል፣ ምንጩ እስኪነጥፍ ድረስ። ባቄላውም እጁ ላይ ይበረክታል፤ እፍኙን ጎተራ የሚያደርግበት ብልኀት አያጣም። ያንተም ቃል እዚያ ይሰማል። ባቄላው በጀርባህ... ማለቴ በበቅሎዎችህ ጀርባ ነውና የሚመጣው፣ ዑመር ምን ይላል ብለው ይጠይቁሃል። ምን በል ልልህ እችላለሁ? ያየኸውን ተናገር። ካላየህም ማየት አይከፈልበት፣ መንገድህ በምንጩ በኩል አይደል? ጠዋት ተነሥተህ በቅሎዎችህን ውኃ ስታጠጣ፣ ያን ታታሪ ባል እዚያ ታገኘው ይሆናል።

አይ፣ አትነሣ፣ አንድ አደራ አለኝ። ይቺን ቅል ያዝልኝ። ክዳኗን ጠበቅ አድርገህ ያዝ፣ ውኃ ነው ያለባት። ውኃውንም ከዚያው ምንጭ አስቀዳሁለት፣ አገሩ እንዳይናፍቀው። አዎን፣ ያው አልቅቱ ነው። አልገደልኩትም። የጠፋ ከብት ያገኘ ሰው ለባለቤቱ ይመልሳል፣ እናንተም ዘንድ እኛም ዘንድ ሕጉ ይኸው ነው። ከመንጋው ተለይቶ እኛ ቤት የመጣ የሱ ከብት ነው። ምናልባት እየፈለገው ይሆናል። እራት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳለ ስጠው። ምንም አትበለው፣ ከጣቢታ አያት ነው ብቻ በለው። እሷም ሰላም ብላለች በለው።

እኔ አልተቀየምኩትም። እንደውም ዛሬ ጠዋት ስጸልይለት ነው ያረፈድኩት፣ ምርቃቴንም አብረህ አድርስልኝ። እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝመው። ላሞቹን ያብዛለት። ጥርሱ አልቆ፣ ቆጮው አልታኘክ ብሎት፣ እንደ ጣቢታ ጽዋ ይዞ በር ላይ ተቀምጦ ወተት እስኪጠብቅ ድረስ ያኑረው። ያን ጊዜም ብቻውን አይተወው፤ በየጠዋቱ ማሰሮውን የሚሞላለት አንድ ደግ ጎረቤት ይስጠው... ልቡ እንደሱ የሆነ፣ እጁም እንደሱ የሆነ፣ ቤቱም ከምንጩ ዳር የሆነ።

አሜን በል እንጂ፣ ዑመር።